ተዝካሩን ሳያጎድሉ ድግሱን ማስቀረት

ሐዘን የገባበት ቤት ዕንባው ሳይደርቅ «አርባውን እንዴት ልታደርጉት አሰባችሁ?» ይባላል። ጠያቂው ስለ ጸሎቱ አይደለም የሚጠይቀው፤ ስለ ጠላው፣ ስለ በጉ፣ ስለ እንጀራው ነው። የእርሻ በሬ ተሽጦ፣ በአራጣ ተበድሮ ወይም ለልጆች ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ ወጥቶ ተዝካር ይደገሳል። ብዙ ጊዜ ደጋሹ ራሱ አያምንበትም፤ «ሰው ምን ይለናል» ይበረታበታል እንጂ። ይህ መመሪያ ድግሱን ለመተው ወይም ለማሳነስ ላሰበ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። ጎረቤት ክፉ የሚያወራው ሟች የተረሳ ሲመስለው ነው። ድግስ ማስቀረት የሚሳካውም ሟች እንዳልተረሳ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል መንገድ ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ ሥርዓቱንና ልማዱን ለዩ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሙታን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ይታሰባሉ። መሠረቱ ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ በጋን ጠላ ማጠጣት ግን ልማድ ነው። ይህን ዘመዶች ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት ከንስሐ አባታችሁ ቢሰሙት ይሻላል። ስለዚህ ከዘመድ በፊት ንስሐ አባትን አነጋግሩ፤ የቀኑንም ቆጠራ ከእሳቸው ጋር አድርጉ። ቀኑ ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ ወደ የት እንደሚዛወር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውሳኔው ከሣልስት (ከ3ኛው ቀን) በኋላ ከ12ኛው ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ለአርባ የሚሆን ጠላ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል። ከዚያ በፊት ደግሞ ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጌሾው ተገዝቶ ይወቀጣል። ጌሾ አንዴ ከተወቀጠ ነገሩ ከቤተሰቡ እጅ ይወጣል፤ ጎረቤቶች ለሥራ ተጠርተዋል፣ ጋኑ ታጥኗል፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣም ተነጋግረዋል። በዚያ ሰዓት «ትተነዋል» ቢባል ለመርዳት የተነሡት ሰዎች ያፍራሉ፤ ቂሙም ከዚያ ይጀምራል።

ከማንም በላይ መደመጥ ያለበት እዚያው ሰፈር የሚቀረው ሰው ነው። ከከተማ የመጡ ልጆች ወስነው፣ አልቅሰው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ይመለሳሉ፤ ወንዝ ወርዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ማኅበር ጠጥታ ሐሜቱን የምትሰማው እናታቸው ናት። እናት ከልቧ ድግሱን ከፈለገች አትከልክሏት፤ መጠኑን አሳንሱት። ካህናቱን፣ የቅርብ ዘመድንና የቀበሩትን ሰዎች ብቻ መጥራት መካከለኛ መንገድ ነው። እናትን ረትቶ የተገኘ ቁጠባ እንደ ቁጠባ አንቆጥረውም።

ቀጥሎ የሟች እኅት ወይም ታላቅ ወንድም አለ። ጠንካራው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ ወንድሟን ያላስዘከረች እኅት እንዳትባል ትሰጋለችና። የቤተሰቡ ስብሰባ ላይ ድንገት እንድትሰማው አታድርጉ። ሁለት ሆናችሁ ቤቷ ሂዱ፤ አንዳችሁ ታላቅ ልጅ ይሁን። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አክስቴ፣ እርስዎ ሳይመርቁን የምናደርገው ነገር የለም። ፍትሐቱ አይጎድልም፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ ለድግስ የሚወጣውን ለነዳያን ልናደርገው አስበናል። ምጽዋቱን በእጅዎ ቢሰጡልን ደስ ይለናል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ነው። የምትሠራው ሥራ ካገኘች ነገሩ የእሷም ይሆናል፤ ለሌላውም ዘመድ የምታስረዳው እሷ ትሆናለች።

ሦስት ነገሮችን ግን አትናገሩ። «ገንዘብ የለንም» ካላችሁ ዘመድ መዋጮ ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እምቢ የምትሉበት ምክንያት ያልቃል። «ይሄ ኋላ ቀር ባህል ነው» ካላችሁ የየራሳቸውን ሙታን በድግስ ያስዘከሩትን ሁሉ ሰደባችሁ። ሟች ሳይናዘዝ «ኑዛዜው ነው» አትበሉ፤ በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ የነበረ ሰው አይጠፋምና ውሸቱ ይወጣል። በእርግጥ የተናዘዘ ከሆነ ግን ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም። ድግስ የማይፈልግ ሰው በደህና ቀን ንስሐ አባቱ ባሉበት ለልጆቹ በቃሉ ቢናገር፣ በእጁም ጽፎ ቢተው ትልቅ ሸክም ያቃልልላቸዋል።

ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም እኅት ካለ ለብቻ አስቡበት። ዋሽንግተን ወይም ቤሩት ሆኖ ለቀብር ያልደረሰ ሰው ጸጸቱን በትልቅ ተዝካር ሊክስ ይፈልጋል፤ ብሩን ልኮ ቪዲዮ ይጠብቃል። ብሩን «አንፈልግም» ብሎ መመለስ ያስቀይመዋል። ይልቅ ለምን እንደሚውል በስሙ ንገሩት፦ የቅዳሴው መገበሪያ፣ ጧፉና ዕጣኑ ከእሱ ነው፣ ወይም የነዳያኑ ምሳ ከእሷ ነው። ሲፈጸምም በስልክ አገናኙት፤ ጸሎቱን ይስማ።

የዕለቱ ሥራ ብዙ አይደለም፤ ግን መጉደል የለበትም። ለቅዳሴው ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ጧፍና ዕጣን የሚገባው ቀደም ብሎ ነው፤ መጠኑንና የሚረከበውን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጠይቁ። ፍትሐት ለሚያደርሱት ካህናትና ዲያቆናት የሚቀርበውን ምግብ አትቀንሱ። ከዚህ የሚተርፍ ቁጠባ ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው ወሬ ግን ብዙ።

ለ50 ነዳያን 110 እንጀራ ይበቃል፤ ለያንዳንዱ ሁለት፣ አሥሩ መጠባበቂያ። ምግቡን የጾም አድርጉት፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም አያስቸግርም። ወጡ ወፈር ያለ ምስር ወይም ክክ ይሁን፤ ቀጭን ሽሮ በመንገድ ይፈስሳል። የሚታደለው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ምግቡ የሚታደልበትን ቀንና ሰዓት ከዋዜማው አታስወሩ፤ ከምግቡ በላይ ሰው ከመጣ ግፊያ ይነሣል፣ ባዶ እጁን የሚመለስም ይኖራል። ሕፃን ያዘሉትና አቅመ ደካሞች ይቅደሙ፣ ቢያንስ አራት ሰው ያድል። እዚያው ለማብላት ውኃና መታጠቢያ ማዘጋጀት ካቃታችሁ ዳቦ ማደል የተሻለ ነው።

ቤታችሁንም አትዝጉ። በአርባው ዕለት በሩ ተዘግቶ የመጣ ጎረቤት ቢመለስ የሠራችሁት ሁሉ ይፈርሳል። ቡና ይፈላ፣ ዳቦና ቆሎ ይቅረብ፣ የቤተሰቡ ታላቅ ቁጭ ብሎ ሰውን ይቀበል። ለእድሩ ዳኛ ከሳምንት በፊት ንገሩ፤ «ጸሎቱ በዚህ ቀን ነው፣ ድግስ የለም፣ ቤት ግን ክፍት ነው» የሚለው ከእሳቸው ሲወጣ ሰው ግር አይለውም። ጠላን በተመለከተ ግን ጥብቅ ሁኑ። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው በመጨረሻው ሳምንት «አንድ ጋን ብቻ» በሚለው ነው፤ ጠላ ካለ እንጀራ ይፈለጋል፣ እንጀራ ካለ ወጥ ይፈለጋል፣ ከዚያ በግ ይጎተታል። ገንዘቡ ወደ ሐውልት እንዳይዞርም ተጠንቀቁ፤ የመቃብር ፉክክር ከድግስ ፉክክር አይሻልም። ከወንድሞች አንዱ በራሱ ቤት እደግሳለሁ ካለም አትጣሉት፤ ወጪውን ገና ካልተከፋፈለ ውርስ ላይ እንዳያስቆጥር ብቻ ተስማሙ።

የሰው ድግስ በልታችሁ ከሆነ ብድር እንዳለባችሁ አትርሱ። ሐሜቱ «በልቶ የማያበላ» የሚለው ላይ ሲደርስ እውነት አለውና መልስ አይገኝለትም። ብድሩን በሌላ መንገድ ክፈሉ፤ ለሚቀጥለው ለቅሶ እንጀራ በመሶብ ይዛችሁ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሐዘንተኛው ዘንድ አምሹ፣ ውኃ ቅዱ፣ እንጨት ፍለጡ። ሌላው ሲደግስም ሂዱ፤ እዚያ ተቀምጣችሁ ግን ስለ ድግስ ጉዳት አትስበኩ።

ግፊቱ በሙት ዓመት ተመልሶ ይመጣል፤ «አርባውን ዘላችሁታል፣ ዓመቱን እንኳ» ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትናገሩ አርባውንም ዓመቱንም አንድ ላይ ጥቀሱ።

በእድር ደረጃ ቢወሰን ደግሞ ነቀፋው አንድ ቤት ላይ አይወድቅም። በከተማ እድሮች ድንኳን የሚቆምበትን ቀን በመተዳደሪያ ደንብ መገደባቸው የተለመደ ነው፤ ስለ ተዝካርም አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። አንቀጹ «ማንም አይደግስም» ቢል ይጥሱታል። «ለተዝካር ድግስ እድሩ ዕቃና ጉልበት አያበድርም፤ አባላትም የመጥራት ግዴታ የለባቸውም» ቢል ግን ያልደገሰው «ደንባችን ነው» ብሎ ያርፋል። ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው ከዚህ በፊት በደንብ ደግሶ የሚያውቅ፣ አቅም ያለው አባል ይሁን። ከድሃ አፍ ከወጣ ከወጪ ለመሸሽ ይመስላል፣ ሐዘን ላይ ካለ ሰው ከመጣም ስለ ራሱ ጉዳይ ይሆንበታል።