ሰርተፍኬት ሳይኖራችሁ ስኩባ ልትሞክሩ ነው? ኢንሹራንሱን ከጅማ ሳትነሱ ጨርሱት

ለንግድ ጅቡቲ ወይም ለጫጉላ ዛንዚባር የምትሄዱ ከሆነ ባሕሩ ዳር ይህን ግብዣ መስማታችሁ አይቀርም፦ «ስኩባ ሞክሩ፣ ሰርተፍኬት አያስፈልግም!» ስኩባ ማለት የአየር ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው። እኔ ሞክሩ ባይ ነኝ። ግን «አያስፈልግም» ያለው የጠለቃ ማዕከሉ ነው። ኢንሹራንሳችሁ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ማወቅ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ሙከራው ምን እንደሆነ እንወቅ። አጭር ገለጻ ይሰጣችኋል፣ በገንዳ ወይም ጥልቀት በሌለው ውሃ ትለማመዳላችሁ፣ ከዚያ አሰልጣኝ አጠገባችሁ ሆኖ ትጠልቃላችሁ። ፓዲ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጠለቃ ማሠልጠኛ ድርጅት አሠራር ዕድሜ ቢያንስ 10 ዓመት መሆን አለበት፣ ጥልቀቱም ከ12 ሜትር አያልፍም። ስትወጡ ግን ፈቃድ አላገኛችሁም። በኢንሹራንሱ ዓይን አሁንም ሰርተፍኬት የሌለው ጠላቂ ናችሁ።

ብዙዎቻችን የጉዞ ኢንሹራንስን የምናውቀው ለቪዛ ነው። ሸንገን 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ካልያዛችሁ አይሆንም ይላል፣ እንገዛለን፣ ከማመልከቻው ጋር እናያይዛለን፣ አለቀ። ማን ያነበዋል? ዛንዚባርም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የራሷን የግዴታ መድን እንዲገዛ ታደርጋለች። ያ ወረቀት እጃችሁ ላይ ስላለ ብቻ ግን ስኩባም ተሸፍኗል ብላችሁ አትደምድሙ።

ፖሊሲውን፣ ማለትም የመድን ውሉን፣ ስታገኙ የፊት ገጹን ትልልቅ ቁጥሮች እለፏቸውና የማይሸፈኑ ነገሮች ወደተዘረዘሩበት ሂዱ። ስኩባ ብዙ ጊዜ ከተራራ መውጣትና ከፓራሹት ጋር «አደገኛ እንቅስቃሴ» በሚለው ስር ይገባል። አንዳንዱ ፖሊሲ ስኩባን ጭራሽ ያስወጣዋል። አንዳንዱ ሰርተፍኬት ላለው ብቻ ይሸፍናል። ለእናንተ የሚሆነው ሰርተፍኬት ያለውን ወይም ብቃት ካለው አሰልጣኝ ጋር የሚጠልቀውን እሸፍናለሁ የሚለው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል ማለት ነው። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ሁለቱንም አንድ ላይ የሚጠይቅ ፖሊሲም አለ፣ ያኔ አሰልጣኙ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ለእናንተ የሚፈይደው ነገር የለም። የጥልቀት ገደብም ካለ እዩት። ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ካልገባችሁ የሚገባው ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ከዚያ የገዛችሁበት ቅርንጫፍ ሂዱና ጠይቁ። «ችግር የለም፣ ይሸፍናል» የሚል የቃል መልስ ይዛችሁ እንዳትወጡ። በጽሑፍ ላኩ፣ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

«የፖሊሲ ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን በዚህ አገር፣ የጠለቃ ሰርተፍኬት ሳይኖረኝ ብቃት ካለው አሰልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር ለሙከራ እጠልቃለሁ። አደጋ ቢደርስብኝ የሕክምና ወጪ፣ በግፊት ክፍል የሚሰጥ ሕክምናና በአውሮፕላን የማንሳት ወጪ ይሸፈናሉ? ካልተሸፈኑ በተጨማሪ አረቦን ሽፋኑ ሊጨመርልኝ ይችላል?»

የግፊት ክፍል ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ስንጠልቅ ናይትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል፣ በፍጥነት ከወጣን ደግሞ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ሕክምናው በሽተኛውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በግፊት ኦክስጅን እንዲተነፍስ ማድረግ ነው፤ የተለመደው የመጀመሪያ ዙር ብቻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፣ አንዳንዴም ይደገማል። ክፍሉ ራሱ ሩቅ ከሆነ በሽተኛው ዝቅ ብሎ በሚበር ወይም ግፊቱ እንደ ባሕር ወለል በሆነ አውሮፕላን መወሰድ ይኖርበታል። ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። በ12 ሜትር ሙከራ ይህ ብዙ አያጋጥምም፤ የሚበዛው የጆሮ ጉዳት ነው። ቢሆንም ኢንሹራንስ የሚገዛው ለማይበዛው ነው።

ቅርንጫፉ አንሸፍንም ካለ የጠላቂዎችን መድን ተመልከቱ። ዳን የሚባለው ከ1980 ጀምሮ የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተል ድርጅት ነው፣ በአውሮፓና በደቡባዊ አፍሪካም አለ። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፦ ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ይካተታል ወይ?

ማዕከሉ «እኛ ኢንሹራንስ አለን» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን አትዘናጉ። የእነሱ እንደ መኪና ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሚሠራው ጥፋቱ የእነሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ጆሯችሁ ተጎድቶ ጥፋተኛ ከሌለ ሂሳቡ የእናንተ ነው። ከመጥለቃችሁ በፊት የሚያስፈርሟችሁ ወረቀትም በአብዛኛው እነሱን ከተጠያቂነት የሚያወጣ ነውና አንብባችሁ ፈርሙ፣ ፎቶም አንሱት።

የጤና መጠይቁን በእውነት ሙሉ፤ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። አስም፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና ይጠየቃል። «አዎ» ካላችሁ የሐኪም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ጀልባው ሊነሳ ሲል ጠለቃውን ላለማጣት ሁሉንም «አይ» ብሎ ይሞላል። ይህ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፣ ለመድን ድርጅቱም ካሳ ላለመክፈል ምክንያት ይሰጣል። ቅጹን ከኢንተርኔት አውርዱና እዚሁ ጅማ ሐኪማችሁ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ።

የደጋ ሰው ስለሆንን ደግሞ አንድ ነገር አለብን። ከጠለቃ በኋላ ከፍታ ላይ ስንወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ያው የናይትሮጅን አረፋ ሊፈጠር ይችላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው። እኛ ከአውሮፕላን ወርደንም ከፍታው ላይ ነን ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አትብረሩ። ከጅቡቲ በመኪና ወደ ደጋ መውጣትም ከፍታ ነው፣ በመኪና ነኝ ብላችሁ አትቸኩሉ። ስለዚህ ጠለቃውን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። አረፋው የሚያመጣው ሕመም ምልክት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አገር ቤት ስትገቡ ያበቃል። በጉዞው የደረሰ ጉዳት ከተመለስኩ በኋላ ቢታወቅስ ብላችሁ በዚያው ደብዳቤ አብራችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ኦክስጅንና ሐኪም፣ ወዲያው ደግሞ ፖሊሲው ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ ስልክ። ሳያሳውቁ መታከም ካሳውን ሊያጓትተው ይችላል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የአሰልጣኙን ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ የጠለቃችሁበትን ሰዓትና ጥልቀት፣ የሕክምና ማስረጃውን አንድም ሳታስቀሩ ያዙ። የፖሊሲውን ፎቶና የአደጋ ስልኩን ጅማ ላለ አንድ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ፤ እናንተ ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ስልካችሁ ጀልባው ላይ ተቆልፎ ነው የሚቆየው።