«ሰው መርዳት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ብቻ አትላኩት

ሳይኮሎጂንና ፖለቲካል ሳይንስን አጣምራችሁ ለመማር ልታመለክቱ ነው እንበል። ሞቲቬሽን ሌተር፣ ማለትም ለምን መማር እንደፈለጋችሁ የምታስረዱበት ደብዳቤ፣ ጻፉ ተብላችኋል። ቁጭ ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለው ነው። እውነታችሁን ነው። ግን ነርስ ልሁን የሚለውም፣ መምህር ልሁን የሚለውም ይሄንኑ ይጽፋል። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው እነዚህን ሁለት ትምህርቶች፣ ያውም አንድ ላይ፣ ለምን እንደፈለጋችሁ ነው።

ስለዚህ በዓይናችሁ ካያችሁት ነገር ጀምሩ። አንድ ይበቃል።

የኔን ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ፎርም እሞላ ነበር። አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው መጡ። ሁለቱንም ጊዜ የመለሳቸው አንድ የጎደለ ፊርማ ነው። ፎርሙን አራት ቦታ አጥፈው በፌስታል ይዘውታል፣ እጥፋቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሊጠፋ ደርሷል። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ ማንበብ አልችልም» አሉኝ፣ ከኋላ የተሰለፉት እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ ከዚያ ቢሮ ሁለት ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ለምን የራሱ ያደርጋል? ደግሞስ ማንበብ ለማይችል ሰው ጭምር የተቋቋመ አገልግሎት በጽሑፍ ብቻ እንዲሰጥ የወሰነው ማነው? የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ነው፣ ሁለተኛው የፖለቲካ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እሳቸውን ታጽናናላችሁ፣ ፎርሙ ግን ነገ ሌላ ሰው ያሳፍራል። ሁለተኛውን ብቻ ብትይዙ ፎርሙን ታስተካክላላችሁ፣ አፍሮ እቤቱ የቀረውን ሰው ግን ጭራሽ አታዩትም። እናንተም ካያችሁት ነገር ውስጥ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አውጡ። የደብዳቤው ልብ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ሁለቱ ትምህርቶች እንደሚገናኙ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ብትጨምሩ ጥሩ ነው። እኔ የምወደው የማሪየንታልን ጥናት ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት፣ ፋብሪካዋ ተዘግቶ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሥራ አጥ ሆነ። የሳይኮሎጂ ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ሄደው አጠኑት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስለሚተርፈው ብዙ ያነባል ትሉ ይሆናል። ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወሰደው መጽሐፍ ግን ቀነሰ፣ ያውም መጽሐፍ ለመዋስ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቀርቶ። መንገድ ላይ የሰዉን የእርምጃ ፍጥነት ሳይቀር ለክተዋል። ድህነቱ ሰዉን ለአመፅ አላነሳሳውም፣ ተስፋ አስቆረጠው እንጂ። ይሄን ያነበበ ሰው ሥራ አጥነትን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ፖሊሲ አያወጣም።

«ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እሆናለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውጧት፣ እባካችሁ። እኚያ እናት ድምፅ ነበራቸው፣ ዝቅ እንዲያደርጉት ያደረጋቸው ነገር ነው መጠናት ያለበት። «ተጋላጭ» ስትሉም ማን፣ ለምን እንደተጋለጠ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መግቢያው ላይ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ አካል ጉዳተኝነት የሚመጣው ጉዳት ያለበት ሰው ከአመለካከትና ከአካባቢ መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ ነው ይላል። ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ምን እንደሚሆንበት አስቡት።

የራሳችሁን ቁስል መጻፍ ግዴታ አይደለም። ከጻፋችሁ ደግሞ የማታውቁት ሰው ቢያነበው የማይከብዳችሁን ያህል ብቻ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያው ምን ጥያቄ እንዳስነሳባችሁ ተናገሩ። የሌላ ሰው ታሪክ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ስሙንና ማንነቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጡ።

የትምህርቱን ዝርዝርም ሳታዩ አትጻፉ። ሳይኮሎጂ ስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ ይበዛበታል፣ ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚደነግጠው። በብዙ አገር በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ቴራፒስት መሆን ስለማይቻል «እንደተመረቅኩ ሰው አክማለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ኮርስ መርጣችሁ ከጥያቄዎቻችሁ ጋር አያይዟቸው። ርዝመቱን እነሱ ባሉት ልክ አድርጉ፣ ካላሉ አንድ ገጽ ይበቃል።

ስትጨርሱ ለማያሞግሳችሁ ሰው ስጡት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉትና «ምን ማጥናት ነው የምፈልገው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሰው ልትረጂ፣ ሰው ልትረዳ» ብቻ ካላችሁ ገና ነው፤ ወደዚያ ወዳያችሁት ነገር ተመልሳችሁ እንደገና ጻፉት።