ኒምዞቪችን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቼዝ ተጫዋቹና ጸሐፊው አሮን ኒምዞቪች እ.ኤ.አ. በ1886 ሪጋ ተወለደ፤ ከ1922 ጀምሮ ኮፐንሃገን ኖሮ እዚያው በ1935 አረፈ። ከ1925 ጀምሮ በጀርመንኛ ያሳተመው «የእኔ ሥርዓት» ዛሬም ከቼዝ ተጫዋች እጅ አይጠፋም። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው።

መጽሐፉ «የሰሌዳውን መሃል ለተጋጣሚህ ተውለት» ይላል ብሎ መረዳት። አይልም። በስሙ የሚጠራውን መክፈቻ ሰሌዳ ላይ ደርድሩት (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)፦ 1. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2. ሲ4 ኢ6 3. ፈረስ ሲ3 ጳጳስ ቢ4። ጥቁር መሃል ላይ ወታደር አላቆመም፤ ኢ4ን ግን ይዞታል። ነጭ 4. ኢ4 ቢል የጥቁር ፈረስ ይበላዋል፤ የሲ3 ፈረስ በቢ4 ጳጳስ ከንጉሡ ፊት ስለታሰረ (ቢነሳ ንጉሡ ይጋለጣል) መልሶ መብላት አይችልም።

ወታደርን በንግሥት ማገድ። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጥቁር ዲ5 ላይ ደጋፊ ወታደር የሌለው ብቸኛ ወታደር አለው እንበል። ነጭ ዲ4 ላይ ንግሥት ቢያቆም፣ ሲ6 ላይ የሚወጣ አንድ ፈረስ ያባርራታል። ፈረስ ቢያቆም ግን ቦታውን በቀላሉ አይለቅም፤ ከዚያው ሆኖ ቢ5ን፣ ሲ6ን፣ ኢ6ንና ኤፍ5ን ይመታል። የታገደው ወታደር ደግሞ ለራሱ ወገን ግድግዳ ይሆናል፦ ቢ7 ላይ ያለው የጥቁር ጳጳስ ከዲ5 አልፎ አያይም። አግዶ መቀመጥም አይበቃም። የኒምዞቪች ቅደም ተከተል መገደብ፣ ማገድ፣ ማጥፋት ነው፤ ሦስተኛውን የሚረሳ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ያገኙትን ሁሉ ደራርቦ መከላከል። ትርፍ ጥበቃ፣ ማለትም ከሚያስፈልገው በላይ መከላከል፣ የሚገባው እንደ ኢ5 ላለ ጨዋታው ለሚዞርበት ነጥብ ነው፤ ጥግ ላይ ላለች ወታደር አይደለም። ኢ5ን ሁለት መትተው ሁለት ከጠበቁት፣ ጠባቂዎቹ እግራቸው ታስሯል። ሦስተኛ ሲጨመር ከሦስቱ አንዱ፣ የፈለጋችሁት፣ ለጥቃት ነጻ ይሆናል።

የዓለም ሻምፒዮን ነበር ማለት። አልነበረም፤ ለዘውዱም ተጋጥሞ አያውቅም። ለዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ በወጣው በ1922ቱ የለንደን ደንብ ተፎካካሪ ቢያንስ 10,000 ዶላር ማሰባሰብ ነበረበት፣ እሱም አልቻለም። በ1929 ካርልስባድ ላይ ግን ከ21 ጨዋታ 15 ነጥብ ይዞ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካንና ሽፒልማንን በግማሽ ነጥብ ቀድሟል።

በ1923 ኮፐንሃገን ላይ ዜሚሽን ያሸነፈበትን ጨዋታ «ነጭ የሚጫወተው እርምጃ አጣ» ብሎ ማለፍም ልማድ ሆኗል። 25ኛውና የመጨረሻው የጥቁር እርምጃ ኤች6 ነው፤ ጸጥ ያለ የወታደር እርምጃ። ሆኖም ጥቁር የኤፍ5ን ግንብ ወደ ኤፍ3 አምጥቶ የነጭን ንግሥት ለማጥመድ አድፍጧል። የጨዋታውን መግለጫ ከማንበባችሁ በፊት ያንን ቦታ ደርድራችሁ የነጭን እርምጃዎች አንድ በአንድ ሞክሩ።