በዲሲ ከደጅ የቆመን የከተማ ዛፍ ለማስቆረጥ ሲከራከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ከደጁ ከቆመው ትልቅ ዛፍ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ሥሩ የእግረኛውን መንገድ ገፍቶ አንስቶታል፣ ፍሳሹ በዓመት ሁለቴ ይዘጋል፣ በመከር ወራት ቅጠሉ አሸንዳውን ይሞላዋል። ባለቤቱ ይደውላል፤ የከተማው ባለሙያ መጥቶ ያይና «ጤነኛ ነው፣ አይቆረጥም» ብሎ ይሄዳል። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብዙዎች የሚሸነፉት ግን ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ወይም ከሄደ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሚሠሩት ስህተት ነው።

የዛፉን ባለቤት ሳያውቁ መነሣት

በመኪና መንገዱ ጠርዝና በእግረኛው መንገድ መካከል ያለው ዛፍ የከተማው ነው። የሚያስተዳድረው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ (ዲዶት) ሥር ያለው የከተማ ደን ክፍል ነው። ሃያ ዓመት ውሃ ቢያጠጡትና ቅጠሉን ቢጠርጉም የእርስዎ አይሆንም።

ይበልጥ የሚያደናግረው ከእግረኛው መንገድ ወዲህ ያለው ነው። በዲሲ የድሮ ሰፈሮች፣ በተለይ ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች በኩል፣ አጥር ያጠሩበትና አበባ የተከሉበት የፊት ግቢ ብዙ ጊዜ በሕግ የሕዝብ ቦታ ነው። የእርስዎ መሬት ከቤቱ ፊት ግድግዳ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ቤቱን ሲገዙ በተፈራረሙበት ሰነድ ውስጥ ያለውን የቅየሳ ካርታ አውጥተው ይለኩ።

ዛፉ በራስዎ መሬት ላይ ቢሆንም እንኳ እንዳሻዎት መቁረጥ አይቻልም። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍ ብለው የግንዱን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። 44 ኢንች (112 ሴንቲሜትር ገደማ) ከሞላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተሻሻለው ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ኢንች 55 ዶላር ይከፈላል። 60 ኢንች ዙሪያ ያለው ዛፍ 3,300 ዶላር ማለት ነው። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ዛፍ ደግሞ ጨርሶ አይቆረጥም። ከፈቃድ ክፍያው ነፃ የሆኑት እንደ አይላንተስ፣ መልበሪ (የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ) እና የኖርዌይ ሜፕል ያሉ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው።

ችግሩን ሳይሆን ዛፉን መክሰስ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በ311 (የከተማው አገልግሎት መጠየቂያ ስልክ) ሲደውሉ «ዛፉን ቁረጡልኝ» ካሉ ጥያቄዎ በአንድ መስመር ይዘጋል፤ ከተማው የሚያየው ዛፉ ሞቷል ወይስ አልሞተም፣ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ብቻ ነውና። ቅጠል፣ የአበባ ብናኝ፣ የወፍ ኩስ፣ መኪና ላይ የሚንጠባጠብ ሙጫ፣ የሶላር ፓነል ጥላ፣ እነዚህ ሁሉ ለማስቆረጥ በቂ ምክንያት ተደርገው አይወሰዱም። «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ማለትም ነገሩን አይለውጠውም።

ችግሩን ከዛፉ ለይተው ካቀረቡት ግን ብዙው መፍትሔ አለው። የተነሣው የእግረኛ መንገድ ራሱን የቻለ የጥገና ጥያቄ ነው፤ በዲሲ የሚጠግነውም ከተማው እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ጣሪያ የሚነካ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ የመግረዝ ጥያቄ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተጠላለፈው የኤሌክትሪክ ኩባንያው የፔፕኮ ጉዳይ ነው፤ መሰላል ይዘው አይውጡ። የሴቴ ጊንኮ ዛፍ ፍሬ ሽታ (የሚያውቀው ያውቀዋል) ዛፉን አያስቆርጥም፤ ከተማው ግን በፀደይ ፍሬ እንዳይዝ መድኃኒት ይረጫል። ፍሬው ከረገፈ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም፤ የብርዱ ወራት ሳያልቅ ይጠይቁ።

ፍሳሹ ሲዘጋ «ሥሩ ቱቦዬን ሰበረው» ማለት

ሥር ደህና ቱቦን ቦርቡሮ አይገባም። የድሮው የሸክላ ቱቦ በአጫጭር ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው፤ መጋጠሚያው ሲላላ እርጥበት ያፈሳል፣ ፀጉር የመሰለው ቀጭን ሥር እርጥበቱን ተከትሎ ይገባና ውስጥ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ያድጋል። ዛፉ ቢቆረጥ እንኳ ያረጀው መጋጠሚያ ማፍሰሱን አይተውም፤ የጎረቤት ዛፍ ሥር ይመጣበታል። በማሽን ቆራርጦ ማስወጣትም ለጊዜው ብቻ ነው፤ የተቆረጠው ሥር ይበልጥ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመለሳል።

የቧንቧ ሠራተኛው ካሜራ አስገብቶ እንዲቀርጽ ያድርጉ። ቪዲዮው ላይ ርቀቱ በጫማ የሚቆጥር መሆን አለበት። ለምን ቢሉ፣ በዲሲ ከቤቱ የሚወጣው የፍሳሽ መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በግል መሬት ያለው የእርስዎ፣ በሕዝብ ቦታ ሥር ያለው የዲሲ ዋተር ነው። የተበላሸው ከግድግዳው 9 ጫማ ላይ ይሁን 22 ጫማ ላይ ማን እንደሚከፍል የሚወስነው እሱ ነው። ቪዲዮ ሳይኖር ቆፍሮ መጠገን ማስረጃውን ከነአፈሩ መቅበር ነው።

በራስ እጅ ሥር መቁረጥ

«እግረኛ መንገዱን የሚያነሣውን አንዷን ሥር ብቻ» ብለው የሚጀምሩ አሉ። አብዛኛው ሥር የሚገኘው ከላይኛው ከ18 እስከ 24 ኢንች ባለው አፈር ውስጥ ነው። ለግንዱ ቅርብ የሆኑት ወፋፍራሞቹ ዛፉን እንደ ድንኳን ካስማ የያዙት ናቸው። ባለሙያዎች የሚሉት ቢያንስ የግንዱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ራቁ ነው፤ ግንዱ 20 ኢንች ውፍረት ካለው 60 ኢንች፣ ማለትም 5 ጫማ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወድቅም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መሬቱ በዝናብ በራሰበት ንፋሻማ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። ያኔ የሚመረመረው ሥሩ ነው፤ የመጋዝ ቁርጥ ደግሞ ዓመት ቢቆይም ይታወቃል። ከተማውን ለመክሰስ የተነሣ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ያርፋል።

ግንዱን በመሰርሰሪያ በስቶ መርዝ መጨመር፣ ልጣጩን ዙሪያውን መላጥ፣ ጨው መድፋት ከዚህ የባሰ ነው፤ ቀዳዳው ይታያል፣ አፈሩ ይመረመራል። ፈቃድ ሳያወጡ ትልቅ ዛፍ ለሚቆርጡ ሕጉ ያስቀመጠው ቅጣት ለእያንዳንዱ ኢንች ዙሪያ ቢያንስ 300 ዶላር ነው። የቅጣት ወረቀት ከደረሰዎት መልስ የሚሰጡበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፏል። ያ ቀን ካለፈ የቅጣቱን ያህል ሌላ ገንዘብ ሊጨመርብዎት ይችላል።

ከዛፍ ቆራጭ የተገኘ ወረቀት ይዞ መቅረብ

ቆርጦ የሚበላ ድርጅት «ይሄ መቆረጥ አለበት» ብሎ ቢጽፍልዎ ማንም አያምንዎትም። የሚያስፈልግዎት በአይ ኤስ ኤ (ዓለም አቀፉ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር) የተመሰከረለት፣ ከዚያም ላይ «ትራክ» የተባለውን የዛፍ አደጋ ምዘና ሥልጠና የወሰደና ቆረጣው ውስጥ ጥቅም የሌለው አርቦሪስት (የዛፍ ባለሙያ) ነው። ሪፖርቱ ዛፉ ምን ያህል ሊሰበር እንደሚችል፣ ቢሰበር ምን ላይ እንደሚያርፍና ጉዳቱን ለየብቻ መዝኖ አደጋውን «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ» ከሚሉት በአንዱ ያስቀምጣል። «ያስፈራል» የሚል ሪፖርት ሪፖርት አይደለም።

ዛፉ ማዘንበሉ ብቻውን፣ ግዙፍ መሆኑ ብቻውን፣ ውስጡ ባዶ መሆኑም ብቻውን አያስቆርጥም፤ ውጪው ወፍራም ከሆነ ባዶ ግንድ እንደ ቱቦ ጠንካራ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ከግንዱ ሥር እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ የወጣ እንጉዳይ፣ በአንድ ጊዜ የደረቀ የአናት ክፍል፣ ሁለት ግንድ ከተገናኙበት ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ መነሣቱ። ይህን የአፈር ስንጥቅ ካዩ ሳይዘገዩ ለ311 ያሳውቁ፣ ማስመሪያ አስቀምጠውም ፎቶ ያንሱት፤ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ከዚያው ቦታ ቆመው በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። ስንጥቁ ከግማሽ ኢንች ወደ አንድ ኢንች ሲሰፋ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ከአሥር ስልክ ጥሪ ይበልጣሉ።

በቃል መነጋገር

ሰውዬው በር ላይ «እናየዋለን» ብሎዎት ከሄደ ምንም አልተባለም። የ311 ጥያቄ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ይጻፉት። ሲዘጋ «ለምን ተዘጋ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ፣ አዲስ ማስረጃ ካለ አዲስ ጥያቄ ይክፈቱና የድሮውን ቁጥር ይጥቀሱ። ከዚህ በፊት ስለዛፉ የተደረገውን ምርመራ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መጠየቅ ይችላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ በ15 የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለበት፣ ማራዘሚያ ሊጠይቅ ቢችልም። የሰፈሩ የኤኤንሲ (የሰፈር አማካሪ ምክር ቤት) ተመራጭ ዛፉን ማስቆረጥ አይችልም፤ የተኛ ፋይል ግን ይቀሰቅሳል።

ቋንቋው ከከበደዎት እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልዎታል፤ ሲደውሉ «አማርኛ» ይበሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ የ12 ዓመት ልጅ «ሥሩ በስብሷል»ን እንዴት ብሎ እንደሚተረጉመው እግዜር ይወቅ።

ስድስት ወሩን ማሳለፍ

ቅርንጫፉ ወድቆ ጣሪያ ወይም መኪና ከጎዳ ከተማውን ካሳ ለመጠየቅ ጉዳቱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የሚቀበለው የአደጋ አስተዳደር ቢሮው ነው። ደብዳቤው ቀንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱንና ሁኔታውን መያዝ አለበት። 311 መደወል ይህን አይተካም። ብዙ ሰው ኢንሹራንሱ እስኪጨርስ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ። ከተማው አደጋውን ቀድሞ ያውቅ እንደነበር የሚያሳዩትም እነዚያ የጻፏቸው የ311 ቁጥሮች ናቸው። ሥር ቀስ በቀስ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

ዛፉ ተቆረጠ፣ ተገላገልኩ ማለት

ቦታው የመኪና ማቆሚያ አይሆንልዎትም፤ የዛፍ ቦታ ነው። የተከላው ወቅት ከመከር እስከ ፀደይ መጀመሪያ ነውና ከዚያ በፊት ጉቶው መነቀሉን ይከታተሉ፣ ከሽቦና ከቦታው ስፋት ጋር የሚሄድ አነስተኛ ዝርያ እንዲተከል በጽሑፍ ይጠይቁ። አዲሱ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ዝናብ በማይኖርበት ሳምንት 25 ጋሎን ይፈልጋል፤ በ5 ጋሎን ባልዲ አምስት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ የሚፈስ።