የመኪና በር አልከፈት ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

መጀመሪያ አትጎትቱት። በር እምቢ ሲል እጃችን ቶሎ ወደ ጉልበት ይሄዳል። እጀታውን ደጋግመን እንስባለን፣ እጀታው ይሰበራል፣ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። የብዙ መኪኖች የውጭ እጀታ ፕላስቲክ ነው፤ ከኋላው ያሉት ትንንሽ ማያያዣዎችም እንደዚያው።

ከጉልበት በፊት አንድ ነገር ለዩ። መቆለፊያው አልፈታ ብሎ ነው ወይስ ተፈትቶ በሩ አልከፈት ብሎ? ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ መንስኤያቸው ግን ለየቅል ነው። መቆለፊያው ካልተፈታ ሪሞቱን፣ ባትሪውን፣ ፊውዙን ወይም በሩ ውስጥ ያለችውን መቆለፊያውን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ጠርጥሩ። ተፈትቶ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ነገሩ እጀታው፣ ከእጀታው የሚነሳው ዘንግ ወይም ካቮ (የብረት ገመድ)፣ አልያም በሩን ጨብጦ የሚይዘው መንጠቆ ጋ ነው። በመስኮት ወደ ውስጥ አይታችሁ የመቆለፊያዋን ፒን ተመልከቱ፤ ሪሞቱን ስትጫኑ ከተነሳች ወይም ቦታዋን ከቀየረች ተፈትቷል ማለት ነው።

ውስጥ ህጻን ወይም እንስሳ ተቆልፎበት ከሆነ ግን ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል፣ መስኮቱን ትንሽ ክፍት መተው ብዙም አያግዝም። የአደጋ ጊዜ እርዳታ ጥሩ። ልጁ እያላበው፣ እየደከመ ወይም ድምፁ እየጠፋ ከሆነ ማንንም ሳትጠብቁ ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ስበሩ። መሃሉን አትምቱ፣ በጠንካራና ሹል ነገር ጥጉን ምቱ፣ ፊታችሁንና እጃችሁንም ሸፍኑ። የፊት መስታወቱ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ በሁለት መስታወት መሃል ፕላስቲክ የገባበት ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። በአንዳንድ መኪኖች የፊት በሮች መስታወትም እንደዚሁ ነው፣ ካልበገረላችሁ ወደ ኋላው እለፉ።

አሁን ወደ ተለመዱት እንመለስ።

ሪሞቱን ስጫን ምንም አይሰማም

ብዙ ጊዜ የሪሞቱ ባትሪ ነው። በድንገት አይሞትም። መጀመሪያ ከሩቅ መስራት ያቆማል፣ ከዚያ መኪናው አጠገብ ደርሳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን ይጀመራል። ይህን ካያችሁ ሳይውል ሳያድር ቀይሩት። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የምትባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ይወስዳሉ፤ ሌላ ቁጥር የሚወስዱም ስላሉ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ግዙ። ስትከፍቱ የመደመር ምልክቱ ወደ የት እንደነበር ልብ በሉ፣ ተገልብጦ ከገባ አዲሱም አይሰራም።

ሁለተኛ ሪሞት ካላችሁ በእሱ ሞክሩ። እሱ ከከፈተ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሪሞት ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ መኪናውን ተመልከቱ፤ የመኪናው ባትሪ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ የሬዲዮ ሞገድ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የስርጭት አንቴና አጠገብ፣ ሪሞቱ ሊታወክ ስለሚችል መኪናው ጋ ጠጋ ብላችሁም ሞክሩ።

በሁለቱም ሁኔታ መግቢያው አንድ ነው፤ የብረት ቁልፉ። ቁልፍ የሌለው የሚመስለው፣ በአዝራር የሚነሳው መኪና ሳይቀር ብዙውን ጊዜ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ አለው፣ ትንሿን መልቀቂያ ስታንሸራትቱ ይወጣል። ቀዳዳው የሾፌር በር ላይ ነው፣ አንዳንዴ እጀታው ጫፍ ላይ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። በቁልፍ ስትከፍቱ አላርም ሊጮህ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ መኪናው ሲነሳ በአብዛኛው ይቆማል። የሪሞቱ ባትሪ ሞቶ መኪናው አልነሳ ካለ ሪሞቱን ራሱን ማስነሻ አዝራሩ ላይ አስጠግታችሁ ተጫኑ፤ ብዙ መኪኖች በዚህ ያውቁታል፣ የቀሩት ደግሞ ለሪሞቱ የተለየ ማስቀመጫ አላቸው።

ከገባችሁ በኋላ የውስጥ መብራቱ ካልበራ ጥፋተኛው በአብዛኛው የመኪናው ባትሪ ነው። የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው በሉት። መብራቱ እየበራ ሁሉም በሮች ዝም ካሉ ግን የሴንትራል ሎኩን (በሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚቆልፈውን ሥርዓት) ፊውዝ ፈልጉ። ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ቀይሩት፤ ከፍ ያለ አምፔር ማስገባት ሽቦ ማቃጠል ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል።

ቁልፉ አይዞርም

ፒንሳ አታምጡ። ቁልፍ ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ ነገሩ ይከብዳል። መጀመሪያ ብዙ ያላገለገለውን ትርፍ ቁልፍ ሞክሩ፤ እሱ ከዞረ የሁልጊዜው ቁልፋችሁ ጥርሱ አልቋል። ሁለቱም ካልዞሩ ቀዳዳው ቆሽሿል ወይም ዝጓል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ወይም ለቁልፍ ተብሎ የተሠራ ቅባት ጨምሩና ቁልፉን ብዙ ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ። የሞተር ዘይት አይሆንም፣ አቧራ ይሰበስባል። ሪሞት የለመደ ሰው ይህን ቀዳዳ ለዓመታት አይነካውም፣ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። በየጊዜው አንዴ በቁልፍ ክፈቱ።

አንድ በር ብቻ አይፈታም፣ ሌሎቹ ይሰራሉ

መጀመሪያ ሪሞቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። በብዙ መኪና አንድ ጊዜ ሲጫኑ የሾፌሩ በር ብቻ፣ ሁለተኛው ላይ ሁሉም ይፈታሉ። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

ይህ ካልሆነ ጆሯችሁን በሩ ላይ አስጠጉና ሌላ ሰው ሪሞቱን ይጫን። ሞተሯ እያጓራች ፒኗ ካልተንቀሳቀሰች ውስጧ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ተበልተዋል። በደካማው ጠቅ ብላ ከቀረች ሞተሯ ደክማለች። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ወይ ሞተሯ ሞታለች ወይ ኤሌክትሪክ አይደርሳትም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ አለ፤ በሩና የመኪናው አካል መሃል፣ ማጠፊያው ጋ ያለው የጎማ ቱቦ። ሽቦዎቹ በዚያ ያልፋሉ፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥርም ይታጠፋሉ፣ በስተርጅና ይበጠሳሉ። የዚያው በር መስኮት ወይም ድምፅ ማጉያ አብሮ ከታመመ፣ ወይም በሩን በተለያየ ማዕዘን ስታቆሙት መቆለፊያው አንዴ ሰርቶ አንዴ ከጠፋ፣ ሽቦው ነው። ጎማውን ገፍታችሁ እዩት። ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ማየት ለኪሳችሁ ነው።

ሞተሯ ደክማ ብቻ ከሆነ ለጊዜው የሚሆን ዘዴ፦ አንዱ ከውስጥ የመቆለፊያ ፒኗን እየሳበ ሌላው በዚያው ቅጽበት ሪሞቱን ይጫን። ሁለቱ ሲተባበሩ ብዙ ጊዜ ትነሳለች።

ተፈትቷል፣ በሩ ግን አይከፈትም

ከውጭ ይከፈታል፣ ከውስጥ አይከፈትም? የኋላ በር ከሆነ የልጆች መቆለፊያው ነው። በሩን ከውጭ ክፈቱና ጠርዙ ላይ፣ መንጠቆው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ወይም በካቻቢቴ የምትዞር ቀዳዳ መልሱ። አንዳንድ መኪና ደግሞ በሪሞት ሲቆለፍ የውስጥ እጀታውን ጭምር ያግደዋል፤ ስለዚህ ውስጥ ሰው እያለ ከውጭ በሪሞት አትቆልፉ።

ከውስጥ ይከፈታል፣ ከውጭ አይከፈትም? እጀታው ያለ ምንም ክብደት ላላ ብሎ ከመጣ ዘንጉ ከፕላስቲክ መያዣው ወልቋል ወይም ካቮው ተበጥሷል። የበሩ ሽፋን ወልቆ ይታያል። መያዣው ትንሽና ርካሽ ነገር ነው፣ እጀታው ራሱ ካልተሰበረ በቀር ሙሉ እጀታ ቀይሩ ሲሏችሁ ቶሎ አትስማሙ።

ከሁለቱም ካልተከፈተ ከባዱ ይህ ነው፤ መንጠቆው ተጣብቋል። ግሪሱ ደርቆ፣ ዝጎ ወይም ከግጭት በኋላ በሩ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። አንዱ እጀታውን ስቦ ይያዝ፣ ሌላው በሩን በዳሌው ወደ ውስጥ ይግፋ። የሚጎተት በር መንጠቆውን ያጠብቀዋል፣ ሲገፋ ግን ይላላል። በብርድ የቀዘቀዘ በርም በዚሁ መንገድ ይላቀቃል፣ የፈላ ውሃ ግን አታፍስሱበት፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ይህም ካልሰራ በሩ ተዘግቶ ሳለ የውስጥ ሽፋኑን ማውለቅ ይመጣል። ትዕግስት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ ለልምድ ላለው ሰው ብትሰጡት ይሻላል። በሩ ውስጥ የኤርባግ ሽቦ ወይም ሴንሰር ሊኖር ስለሚችል ሽቦ ከመነቀሉ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ የተወሰነ ደቂቃም ይጠበቅ። በመስኮት ጎማ በኩል ላሜራ እየከተቱ መጎርጎርም ለዚሁ አደገኛ ነው፣ ሽቦ ይቆርጣል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ አትዝጉት። መንጠቆውን በማጽጃ ስፕሬይ አጥባችሁ አዲስ ግሪስ ቀቡ። ከዚያ በሩ ክፍት እንዳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አድርጉትና እጀታውን ሳቡ፤ መጀመሪያ ከውጭ፣ እንደገና ዘግታችሁ ከውስጥ፣ ቀጥሎም በሪሞት ቆልፋችሁ ፍቱት። በየጊዜው ጥርት ብሎ ከተለቀቀ በሩን ዝጉ። አንዴ እንኳ ከተንገራገጨ አትዝጉት፣ እንደተከፈተ ጠግኑት።