የሶል ሲንግላችሁ ለምን ይንኮሻኮሻል? ጉድለቱ ከየት እንደመጣ እንዴት ትለያላችሁ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በአሜሪካ ዲትሮይት ወይም ቺካጎ ያለ አንድ ትንሽ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ጥቂት መቶ ኮፒ ብቻ ያሳተመው የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ስልት) ሲንግል፣ ማለትም በየገጹ አንድ ዘፈን ያለው ትንሽ ሸክላ፣ ዛሬ ዋጋው ጣራ ነክቷል። ችግሩ ብዙዎቹ ሲታተሙም ጥራት አልነበራቸውም። ገንዘብ የለም፣ ፋብሪካው ለትልልቆቹ ሌብሎች ቅድሚያ ይሰጣል፣ ናሙናውን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥም አይገኝም። ስለዚህ ሸክላው ሲንኮሻኮሽ ከመናደዳችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ በመጫወት ብዛት ነው ያለቀው፣ ፋብሪካው ነው ያበላሸው ወይስ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀዳ ነው የተበላሸው? ሌላ ኮፒ ፍለጋ መድከም ያዋጣ እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው።

1. ቪኒል ነው ስታይሪን?

ብዙ የአሜሪካ ሲንግሎች የተሠሩት ስታይሪን ከሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ቪኒል የሚባለው ለስለስ ያለ ፕላስቲክ በሙቀት ተጨፍልቆ ሲታተም የመሃሉ ወረቀት አብሮ ይያያዛል፤ ስታይሪን ግን ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ ይገባና ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በኋላ በሙጫ ይለጠፋል። ወረቀቱ ከተላጠ ስታይሪን ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጠርዙን በጥፍራችሁ መታ ስታደርጉትም ድምፁ ቀጠን ይላል። ላረጋግጥ ብላችሁ እንዳታጥፉት፣ ይሰነጠቃል። ስታይሪን ቶሎ ያልቃል፤ በተለይ ዲጄ እጅ ከነበረ መግቢያው ላይ ሹሹ ይላል። በዚህ ፋብሪካውን አትውቀሱ።

2. እጠቡት

የተጣራ ውሃ፣ ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ወረቀቱን አታርጥቡ፣ ስታይሪን ላይ ደግሞ አልኮል አታስነኩ።

3. አሁን አዳምጡ

በ45 ፍጥነት (በደቂቃ 45 ዙር) አንድ ዙር 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚሁ ልክ እየተመላለሰ ጧ የሚል ነገር ካለ ቦታውን መብራት ስር በአግድም እዩት። መስመር ካለ ጭረት ነው፤ ጭረት ሳይኖር ትንሽ እብጠት ካያችሁ ሲታተም የገባ አረፋ ወይም ቆሻሻ ነው።

ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ፣ ቪኒሉ ቅርጹን በደንብ አልሞላውም ማለት ነው። ቦታው ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ይታያል። ብታጥቡት ብትቀቡት አይድንም።

ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚንኮሻኮሽ ከሆነስ? ፋብሪካዎች የተመለሱ ሸክላዎችን ፈጭተው መልሰው ያትሙ ነበር፤ አንዳንዴም የወረቀት ብጣሽ አብሮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጥቶ ጥሬ ዕቃው ሲጠፋ ደግሞ ባሰ።

ረዘም ያለ የኦርጋን ድምፅ ወደ ላይ ወደ ታች ከዋለለ መርፌ የያዘውን ክንድ ተመልከቱ። ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ቀዳዳው መሃል ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ፦ የአሜሪካ ሲንግል ቀዳዳ 38 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ አስማሚውን (ሰፊውን ቀዳዳ የሚሞላውን ክብ ነገር) አውጡና ክንዱ መወዛወዙን እስኪተው ድረስ ሸክላውን በጥቂት በጥቂቱ ገፋ አድርጉት። በየተራው ማጫወቻውን ማቆም እንዳትረሱ።

4. ከሌላ ኮፒ ጋር አስተያዩ

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቦታ የተጫሩትን ቁጥሮች አንብቡ። ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ካለበት በሎስ አንጀለሱ የሸክላ ፋብሪካ በሞናርክ የተሠራ ነው። የተለያየ ፋብሪካ ያተማቸው ሁለት ኮፒዎች እዚያው ቃል ላይ ከተንሻፈፉ ጥፋቱ ስቱዲዮው ውስጥ ነው፣ ሦስተኛ አትግዙ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ፍለጋው ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የአዲስ አበባው ሌብል አምሃ ሪከርድስም ሸክላዎቹን ውጭ አገር ነበር የሚያሳትመው፤ የአዲስ አበባ ሲንግሎችንም በዚሁ ዘዴ መመርመር ትችላላችሁ።

ብዙ ሻጮች ደረጃ የሚሰጡት ላዩን አይተው ነው። እኔ ብሆን ከመክፈሌ በፊት መግቢያውንና የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ቀድተው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ ዋጋ ቀንሱ በሏቸው።