ለሰፈር ሰው ስለ ልብ ጡንቻ መወፈር እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ኳስ የሚከታተል ሰው ማርክ ቪቪያን ፎዌን አይረሳም። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2003 ሊዮን ከተማ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ስትጫወት በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ወደቀ። በዚያው ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ተገኘ። ሐኪሞች ይህን በሽታ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይሉታል። እናንተ ግን ሰፈር ውስጥ በዚህ ስም እንዳትጀምሩ። «የልብ ጡንቻ መወፈር» በቂ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁ በደንብ እወቁት

ጡንቻ ሲወፍር ይጠነክራል ብለን እናስባለን። ልብ ላይ ግን ጣጣ ነው። የወፈረው ልብ ይደድራል፣ ደም በደንብ አይሞላም፣ አንዳንዴም የደሙን መውጫ ያጠባል። ምቱ ድንገት ሊዘበራረቅም ይችላል። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ከ500 ሰው አንዱ ገደማ አለበት ይባላል፤ ብዙው ግን አያውቀውም። አባት ወይም እናት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድ ሴት አይልም።

አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣባችኋል፦ «ከቶንሲል የሚመጣው ነው?» አይደለም። እሱ የልብን በር የሚጎዳ ሌላ በሽታ ነው። ደም ግፊትም ልብን ያወፍራል፤ ይሄኛው ግን ግፊት ሳይኖር በዘር የሚመጣ ነው።

ከቤታችሁ ጀምሩ

እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ያንን ልማድ እዚህ ተጠቀሙበት። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ወረቀትና እርሳስ አውጡ። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እየሳላችሁ ከአያት ወደ ልጅ ውረዱ።

ዋናው አጠያየቁ ነው። «በዘራችን የልብ በሽታ አለ?» ካላችሁ ቤቱ ጸጥ ይላል። በዘር በሽታ አለባቸው ከተባለ ልጆቹን ማን ያገባል የሚል ስጋት አለ። ይልቅ «አጎቴ እንዴት ነበር ያረፉት?» በሉ። ያኔ ወሬው ይመጣል። «ምች መታው»፣ «ዓይን በላው»፣ «ማታ ደህና ተኝቶ አደረ፣ ጠዋት አልተነሳም»። አትከራከሩ። ከ50 ዓመቱ በፊት ድንገት የሞተውን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። አንድ ምልክት እንኳ ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ምልክቱን በሚያውቁት ነገር አስረዱ

ጾም ላይ ሆኖ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ራሱን የሳተና ኳስ እያሳደደ የወደቀ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሳይመረመር ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም። ብዙ ጊዜ «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲሮጡ ደረት ላይ ሕመም፣ ያለ ምክንያት የልብ መምታት፣ እነዚህም ይነገሩ። ምንም ምልክት የሌለው እንዳለም ንገሯቸው። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ይህን ካወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ዕድር ላይ አሥር ደቂቃ ለምኑ

ለቅሶ ቤት አይሆንም። ሐዘንተኛው «ታዲያ ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት?» ብሎ ይሰማዋል። ወርሃዊው ስብሰባ ይሻላል፣ መዋጮ ተከፍሎ ሰው ሳይበተን። ከዕድሩ አባላት ነርስ ወይም ሐኪም ካለ እሱ ይናገር። ጸበልን የሚነካ ቃል አታውጡ፤ ጸበሉም ይሁን፣ የልብ ምርመራውም ይነሳ።

ፍርሃት ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ። ምርመራው ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚመዘግበው፣ እና የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ነው። አያምም። አንድ ሰው ከተገኘበት ወላጆቹ፣ ወንድም እህቶቹና ልጆቹ ሁሉ ይታያሉ። ጎረምሳው ዛሬ ነጻ ቢባልም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገምለት፤ ውፍረቱ ከዕድሜ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒት አለው። አደጋው ለበዛበት ደረት ውስጥ የሚቀበር ምት አስተካካይ መሣሪያ አለ። ክትትል ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙሉ ዕድሜያቸውን ይኖራሉ።

በመጨረሻ ትራስ አምጡ

ሰው ወድቆ ካልነቃና ትንፋሹ ትክክል ካልሆነ አንዱ 907 ይደውል፣ ሌላው ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ ይጫን። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ይህን በቃል ማስረዳት ዋጋ የለውም። ትራስ መሬት ላይ አድርጋችሁ አሠሯቸው። እኛ ዕድር ላይ መጀመሪያ የተንበረከኩት ገንዘብ ያዧ እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱና «ይሄማ ሊጥ ማቡካት ነው!» አሉ። ነርሷ ሳቀችና «እማማ፣ ከሊጥ በጣም ይበረታል፤ ክንድዎን አያጥፉት» አለቻቸው። እንደገና ጀመሩ፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ።